በጾም ይደገም

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የስንቱን ሰው ደም እንደቀዳሁ አላውቅም። ሳስበው ፊቴን እሳት የሚልሰኝ ግን በአንድ ሰው ደም ብቻ ነው፤ በታላቅ እህቴ ደም።

እታለም ነው የምላት። የእናታችን የመጀመሪያ ልጅ እሷ፣ የመጨረሻዋ እኔ ነን። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አራት ዓመቴ ነበርና እታለም ቡሬ አቅራቢያ ወዳለው የባሏ አገር ወስዳ አሳደገችኝ። የራሷን ልጅ አልወለደችም። ባሏ ሲሞት ከገጠር ወጥታ ቡሬ ከተማ ገባች፤ ቅቤ መነገድ ጀመረች። በቤታችን «እታለም» የሚለው መጠሪያ አክብሮቱን ራሱ ስለሚሸከም «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግኩት።

የተማርኩት በዚያ ቅቤ ነው። አሁን እንዲህ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግን ከቤት የምትልክልኝን ልብስ ሁለት ጊዜ በሳሙና ሳላጥብ አለብሰውም ነበር። ጓደኞቼ «ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ» እንዳይሉኝ እፈራ ነበር። ማንም ብሎኝ አያውቅም። እኔው ነኝ ቀድሜ ያፈርኩባት።

ነገሩ ከመሆኑ ሦስት ዓመት በፊት ቀኝ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ወጣባት። ለወራት ደብቃው ቆየችና አንድ ቀን ስትለብስ አየሁባት። ባሕር ዳር ወሰድኳት። ካንሰር ነው ተባለ፤ ጡቷ ተቆረጠ። በመርፌ የሚሰጠውን ኃይለኛ መድኃኒት እስክትጨርስ እኔ ቤት ተቀመጠች። ቡሬ ላለው ሰው ግን «የሐሞት ጠጠር ወጥቶላት ነው» አልን። እንዲህ እንዲባል የፈለገችው እሷ ናት። ጠጉሯ ሲረግፍ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ ወደ ገበያዋ ስትመለስም በቀሚሷ ውስጥ በቀኝ በኩል ጨርቅ አጣጥፋ ማስገባት ለመደች። እውነቱን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ በገበያው ከጎኗ ተቀምጣ ቅመም የምትሸጥ ሙስሊም ጎረቤቷ።

የእሷ ካንሰር ከሰውነት ሆርሞን ምግቡን የሚያገኝ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሆርሞኑ እንዳይመግበው የሚከለክል፣ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በየቀኑ ለአምስት ዓመት እንድትውጥ ታዘዘላት። እታለም ክኒኗን «ዘበኛዬ» ነበር የምትላት። ዘበኛዋን አንድም ቀን አስታጉላ አታውቅም። የባሕር ዳሩ ሐኪም ደግሞ ስኳሯን፣ ጉበቷንና የደሟን ስብ በየጊዜው እንድትመረመር የሚል ወረቀት ጽፎ ሰጠን። «ላቦራቶሪው የእኔው እጅ ነው፤ ምን ቸገረን» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ገደማ እዚያው ተኛ።

በመጨረሻ ያስታወሰችኝ እሷ ናት። ሁዳዴ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት በጧት መኪና ከቡሬ መጣች። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ስድስት ሰባት ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። አስገብቼ ደሟን ቀዳሁና ውጭ ተቀምጣ እንድትጠብቅ ነገርኳት። ደም ተቀድቶ ማሽኑ ውስጥ ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ እንደ ገለባ ቢጫ የሆነ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። የእታለምን ብልቃጥ ሳወጣው ከላይ የቀረው ውሃ ሳይሆን ወተት ነው የሚመስለው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣሁት። ጣቴ በወዲያ በኩል አልታየኝም።

ደም እንዲህ የሚነጣው ስብ ሲበዛበት ነው። ስብ የሚበዛበትን ምክንያት ተምሬዋለሁ፤ ምግብ አለበት፣ መጠጥ አለበት፣ ስኳር አለበት፣ የዘር ነገር አለበት፣ መድኃኒትም አለበት። መድኃኒት የሚለው ቃል በደብተሬ ውስጥ በራሴ እጅ ተጽፎ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ይህ ሁሉ ትዝ አላለኝም። የታየኝ የቅቤ እንስራ ከብቧት የምትውል እህቴ ናት። እንግዲህ በጾም ከቅቤው ትቀምሳለች አልኩ በልቤ። ያውም ልትመረመር በመጣችበት ጧት።

በመስኮቱ ብቅ ብዬ ጠራኋት።

«እርስዎ» አልኳት። በዕድሜዬ እርስዎ ብያት አላውቅም፤ ያን ቀን ያልኳት ላሾፍባት ነው። «ዛሬ ምን በልተው መጡ?»

«ምንም» አለች፤ አጠራሬ ግራ ገብቷት። «ከትናንት ጀምሮ ውሃም በአፌ አልዞረ።»

«ደምዎ ሌላ ነው የሚለው። ቅቤ ተንሳፍፎበታል። ቡሬ ላይ ፋሲካ ቀድሞ ገባ እንዴ?»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አነጋገሬ አምሮልኝ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። በኋላ እንደሰማሁት ይህች ሴት የቡሬ ሰው ነበረች፤ ከእታለም ጋር በአንድ ደብር የምታስቀድስ፣ በአንድ ማኅበር የምትጠጣ።

እታለም አልተቆጣችም። «ፋሲካ?» አለች ቀስ ብላ፤ የሰማችውን ለማረጋገጥ ያህል። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እሺ። ወረቀቱን ስጪኝ።»

ውጤት የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለእሷ ግን ራሷ እንድታነበው ብዬ በአማርኛ ጻፍኩላት፦ «ናሙናው ለምርመራ አልተመቸም። በጾም ይደገም።» በእኛ ሥራ «በጾም» ማለት በባዶ ሆድ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። በሁዳዴ፣ ከቡሬ ለመጣች አንዲት ቆራቢ ሴት ምን ማለት እንደሚሆን ግን አሳምሬ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብል ውሸት ነው።

እታለም ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ በአንድ ነው የምታነበው። በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አጠፈችው፤ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ምሳ ቤት ትዋል ብዬ አልለመንኳትም። በመጣችበት መኪና ተመለሰች።

ቡሬ ላይ የሆነውን በዚያን ጊዜ አልሰማሁም። የሰማሁት ዘግይቼ ከቅመም ሻጯ ነው። ነገሩ ከቀጣዩ ገበያ በፊት ከተማውን አዳርሶ ነበር። ቅቤ ነጋዴዋ ሁዳዴን ገደፈች፤ ሌላ ሰው አይደለም ያለው፣ የገዛ እህቷ ናት በደሟ ያየችባት፤ ወረቀትም ጽፋባታለች። ከሐሜቱ ሁሉ የከፋው ማስረጃ የሰጠሁት እኔ መሆኔ ነበር።

የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ ገበያ ድረስ መጡ። በግልጥ አልጠየቋትም። ቅቤ የምትመዝንበትን ሚዛን እያዩ፣ «ልጄ፣ ይህ ሚዛን ለሌላው ሰው ብቻ ነው ወይ?» አሏት።

«አባ፣ እኔንም ይመዝነኝ» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ክኒኗንም፣ ካንሰሯንም፣ እኔንም አላነሣችም። የዚያን ወር ማኅበር ቀረች። ከዚያ በኋላ ዘይት ያለበትን ወጥ ተወች። በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የባቄላ ንፍሮና ጥቂት ቆሎ ብቻ መቅመስ ጀመረች። ደሟን ልታጠራ ነው። በደሟ ውስጥ ያለው ነገር ከአፏ እንደገባ እሷም ልታምን ምንም አልቀራትም ነበር፤ የተማረች እህቷ ነግራታለቻ።

ሁለት ሳምንት ተኩል ቆይታ ተመልሳ መጣች። በሩ ላይ ሳያት ደነገጥኩ። ጉንጯ ገብቶ፣ የአንገቷ ሥር ወጥቷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጅጌዋን ራሷ ጠቀለለች።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት። ደሙ ከፊተኛው ይልቅ ነጣ። ማሽኑ ውስጥ ሳስገባው ቁጥር መስጠት እንኳ አቃተው፤ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ መለሰው። እንዲህ ሲሆን ናሙናውን አቅጥኖ መድገም፣ ከዚያም ለሐኪሙ ሮጦ መንገር ነው ሥራዬ። ለሌላ ለማንኛውም ሰው አደርገው ነበር። ለእህቴ ያደረግኩት ብልቃጡን ይዤ ወጥቼ ፊቷ ላይ ማቆም ነው።

«እታለም» አልኳት፤ «ሰው ሰውን ያታልላል። ደም ግን አይዋሽም።»

ብልቃጡን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህ የእኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

ስትጠይቀኝ መከራከሯ አልነበረም። ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ ነው። ከየት መጣ። ያን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ነጭ ጋወን የለበስኩት ለዚያ ጥያቄ ነው። «እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ» ብዬ መለስኩላት።

ልትወጣ ስትል እጇን ከእምብርቷ በላይ አሳርፋ፣ «ከበላሁ በኋላ እዚህ ጋ ይወጋኛል፤ ወደ ጀርባዬ ይዞራል» አለችኝ።

«ባዶ ሆድሽን ስለምትውይ ነው» አልኳት።

ይህን መልሴን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ትበያለሽ ብዬ እየከሰስኳት፣ በዚያው አፌ ባዶ ሆድሽን ነሽ አልኳት። ሁለቱን አብሬ ስናገር ምንም አልጎረበጠኝም።

ለሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ቅመም ሻጯ ናት። «እህትሽ ገበያ ላይ ሆዷን ይዛ ወደቀች። መኪና ላይ ነን፤ ወደ እናንተ ልንደርስ ነው፤ ሆስፒታል ጠብቂን» አለችኝ። ጋወኔን ሳላወልቅ ሮጥኩ። ስደርስ እታለምን አልጋ ላይ አስተኝተዋታል፤ ጉልበቷን ከደረቷ አጣብቃ እንደ ሕፃን ተጠቅልላለች። ታስመልሳለች፤ የሚወጣ ነገር የላትም። ስሟን ስጠራት ዐይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነችው።

ቅመም ሻጯ ጥግ ይዛ ቆማ ነበር። በዕድሜ ከእታለም ትበልጣለች፤ ቁጡም ሰው አይደለችም።

«እትዬ፣ ምን በልታ ነው?» አልኳት። አሁንም የጠየቅኩት ያንኑ ነው።

«ምን በልታ!» አለች። «ወላሂ፣ ይህች ሴት ሁዳዴው ከገባ ቅቤ በምላሷ አላስነካችም። ቅቤውን በጾም ማን እንደሚቀምስላት አታውቂም?»

አላውቅም ነበር። ቅቤ ነጋዴ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን የምትለየው አሽትታና በምላሷ ጫፍ ነክታ ነው። እታለም ግን ጾም ሲገባ አትቀምስም፤ ገበያ ከወጣች ጀምሮ በየጾሙ የምትቀምስላት ቅመም ሻጯ ናት። በዚያ ዓመት ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ስለገጠመ ሁለቱም ጾመኞች ሆኑ። ስለዚህ ቅመም ሻጯ ከእያንዳንዱ ቅቤ ቆንጥራ በቅጠል እየጠቀለለች ቤቷ ትወስዳለች፤ ስታፈጥር ትቀምሳለች፤ በማግሥቱ «ይሄኛውን ግዢ፣ ያኛውን ተዪ» ትላታለች። አንድ ወር ሙሉ ሲነግዱ የኖሩት እንዲህ ነው። በዚያ ቅቤ ተምሬ ስለ ቅቤው ይህን ያህል እንኳ አላውቅም።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። መርምሯት፣ ደሟን አስቀድቶ፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። ታሞክሲፈን ስል ብዕሩን አቆመ።

«የደም ስቧ ተለክቶ ያውቃል?»

ቅመም ሻጯ ቀድማኝ ከእታለም ደረት ውስጥ ያወጣችውን የታጠፈ ወረቀት አቀበለችው። ሐኪሙ ገለጠው።

«በጾም ይደገም» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «የትኛው ላቦራቶሪ ነው እንዲህ ብሎ የመለሳት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከአልጋው ላይ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ እታለም «በጾም ነበርኩኮ» አለች።

ከዚያ ቃል ይልቅ በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ሐኪሙም አልተቆጣኝም። ወረቀቱን ካርዷ ውስጥ አስገብቶ፣ ለማላውቀው ሰው እንደሚያስረዳ በትዕግሥት አስረዳኝ። «ይህ ስብ የበላችው አይደለም፤ ጉበቷ የሠራው ነው» አለ። ክኒኑ ጡት ላይ ሆርሞኑን ይከለክላል፤ ጉበት ላይ ሲደርስ ግን እሱ ራሱ እንደ ሆርሞን ይሆናል። ለብዙው ሰው ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ይቀንስለታል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን፣ በተለይ ስኳር ከጀመራቸው ወይም በዘራቸው ካለ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ሌላውን የደም ስብ ከልክ በላይ ያንረዋል። እሱ ሲበዛ ቆሽት ይቆጣል። እታለምን የጣላት የቆሽት መቆጣት ነው። ስኳሯም ከፍ ብሎ ተገኘ። መቼ እንደጀመራት የሚያውቅ የለም፤ እንድትመረመር ያዘዘው ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነበርና።

ለቀናት በአፏ ምንም እንዳይገባ ታዘዘ፤ በግሉኮስ ብቻ ቆየች። ፋሲካ ሆስፒታል ውስጥ አለፈ። አጠገቧ ያሉት አስታማሚዎች ጾማቸውን በዶሮ ሲፈቱ እታለም በማንኪያ ቀጭን አጥሚት ነበር የምትቀምሰው። እኔም ከእሷ አጥሚት ተካፈልኩ እንጂ ዶሮው አልዋጥልሽ አለኝ። ካሳ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ የሰው ፊት እያየሁ መብላት አፍሬ ነው።

ሐኪሙ ከባሕር ዳሩ የካንሰር ሐኪም ጋር በስልክ ተመካከረና ታሞክሲፈኑ ቆመ። የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷልና ሆርሞኑን በሌላ መንገድ ወደሚቀንስ ክኒን ተዛወረች። እሱም በበኩሉ ኮሌስትሮል ሊጨምር ስለሚችል ደሟ በየሦስት ወሩ እንዲታይ፣ የደም ስብ የሚቀንስ ክኒንም አብራ እንድትወስድ ተባለ። እታለም ይህን ሁሉ በጥሞና ስትሰማ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ዘበኛዬ ናት እንዲህ ያደረገችኝ?»

«ጥፋቷ አይደለም» አላት ሐኪሙ። «እሷ የታዘዘችውን በር ጠብቃለች። ሌላውን በር ማየት የነበረብን እኛ ነን።»

«እኛ» ማለቱ ለእኔ አዝኖ እንደሆነ ገባኝ።

ከሆስፒታል ስትወጣ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እግዜር ይፍታሽ» ብላ አነሣችኝ። ስታነሣኝ ግን የምታየው በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ግድግዳውን ነበር። ያኔ ዝም ብል ጥሩ ነበር። እኔ ግን የራሴ ዕፍረት አላስቀምጥ አለኝ። ስሟን ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ፣ በሰው ፊት መልሼ ላጠራው አልኩ። እሷን አላማከርኳትም።

የዳግም ትንሣኤ ዕለት ቡሬ ሄድኩ። እታለም ገና ደክማ ቤቷ ተኝታለች። ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሯ ሴቶች በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ የንስሐ አባቷም አሉ። ያቺ አግዳሚ ላይ ያልሳቀችው ሴትም አለች። ፊታቸው ቆሜ ተናገርኩ። እህቴ ጾሟን አልገደፈችም፤ የተናገርኩት ሐሰት ነው፤ ደሟ ውስጥ የታየው ስብ ከምግብ ሳይሆን ከምትውጠው ክኒን የመጣ ነው አልኩ።

«የምን ክኒን?» አለች አንዷ፤ በክፋት አይደለም።

ማቆም ነበረብኝ። ጀምሬው ነበርና አላቆምኩም። ካላስረዳሁ የሚያምኑኝ አልመስል አለኝ። ካንሰር አልኩ። ጡቷ አልኩ። ባሕር ዳር የተቆረጠው አልኩ። አፌ ውስጥ እያለ እንኳ ቃሉ የእኔ እንዳልነበር ተሰማኝ፤ ግን ወጣ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «ኧረ እኛ ድሮም አላመንንም» አሉኝ። ያቺ ሴትም እንዲሁ አለች። «ምስኪን፤ እና ሐሞት ያለችን ይሄን ነዋ» አለች ሌላዋ ለጎረቤቷ። የንስሐ አባቷ ብቻ ፊታቸውን ጨፍግገው መስቀላቸውን እያሻሹ ቆዩ። ስሰናበታቸው «ልጄ፣ አንድ ወሬ ልትመልሺ መጥተሽ ሁለት ሰጥተሽ ሄድሽ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን እታለም ደወለችልኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ማን ላከሽ?»

«ስምሽን ላጠራ ብዬ ነው፣ እታለም።»

«ስሜን ልታጠሪ ጡቴን ገበያ አወጣሽው። ጾም ገደፈች ቢሉኝ እኔም እግዜርም እውነቱን እናውቅ ነበር፤ ይቀለኝ ነበር። አሁን ሊገዛኝ የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ደረቴን ነው። ይሄን ማን ይመልስልኛል?»

ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ወደ እኔ አልመጣችም። ደሟን የምትመረመረው እዚያው ቡሬ ነው። ወሬዋን የምሰማው ከቅመም ሻጯ ነበር። ስቡ ወረደ፤ ስኳሩም ተያዘ፤ ሰውነቷ መለስ አለ። ከድሮ ደንበኞቿ አንዳንዶቹ ሕመሙ በቅቤ ይተላለፍ ይመስል ሸሹ፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ ተመለሱ። ጨርቁን አጣጥፋ በቀሚሷ ማስገባቷን ተወችው አለችኝ፤ «ለማን ብዬ?» ብላ። ይህን ስሰማ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን ማወቅ አቅቶኝ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያደረግኩትን ለኃላፊዬ ራሴ ነገርኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ውጤት በመስኮት መናገር ቀረ። ነጭ ደም ባየሁ ቁጥር ማሽኑ ቁጥር እስኪሰጥ አቅጥኜ እደግማለሁ፤ ታካሚው የሚውጠውን ክኒን ሁሉ እጠይቃለሁ። ይህን የምጽፈው ተማርኩ ለማለት አይደለም። እነዚህን ነገሮች ቀድሞም አውቃቸው ነበር። የጎደለኝ እውቀት አልነበረም፤ ያሳደገችኝን ሴት አላመንኳትም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ባለፈው ጥቅምት እታለም ራሷ ደወለችልኝ። ሰላምታውን አጠር አድርጋ፣ «አንዲት ሴት እልክልሻለሁ» አለች። ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር ለገበያ የምትመጣ፣ ቅቤ የምታመጣላት የገበሬ ሚስት ናት። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ለማን እንደምትነግር ስታጣ፣ የእታለምን ነገር በወሬ ሰምታ ነበርና ገበያ ላይ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነግራታለች።

«ማን እንደሆነች ማንም እንዳያውቅ» አለች እታለም። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ሴትየዋ በማግሥቱ መጣች። በመስኮቱ በኩል ሳይሆን በጓሮ በር አስገባኋት፤ በሩን ዘጋሁ። ሐኪማችን አያትና ወደ ባሕር ዳር የምትሄድበትን ወረቀት ጻፈላት። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አላስገባሁም፤ እስከ መናኸሪያ አብሬያት ሄጄ መኪና ላይ አስቀመጥኳት።

ከሰዓት በኋላ እታለም ደወለች።

«ደረሰች?»

«ደርሳለች። ሐኪሙ ካያት በኋላ እብጠቱ...»

«ተይ» አለችኝ። «ለእኔም አትንገሪኝ።»

ተውኩት። እሷ ግን ስልኩን አልዘጋችውም። በወዲያ በኩል የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል፤ ሰው ዋጋ ይጠይቃታል፤ ትመልሳለች። ከዚያ፣ «በይ፣ ደህና ዋይ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።